ሦስት ቋጠሮ

ሱቁ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ አንድም ጠርሙስ የለም። በሩ ላይ በትልቁ «ጠርሙስዎን ይዘው ይምጡ» ተብሎ ተጽፏል፤ ያልገባው ሰው እንዳይኖር ከሥሩ «አዎ፣ አሮጌውን» የሚል ተጨምሮበታል። ገባ ሲሉ ሦስት ሰማያዊ በርሜሎች በእንጨት መቆሚያ ላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ከግርጌው ቧንቧ አለው። አንደኛው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ሁለተኛው የልብስ፣ ሦስተኛው በረኪና ነው። ከዚያ ሌላ አንድ ባንኮኒ፣ ተራ ለሚጠብቅ ሰው አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከባንኮኒው ኋላ ደግሞ ሴትየዋ አለች።

ሴትየዋን ሰፈሩ «ባለበርሜሏ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰዓት ሠሪ ነው። መጀመሪያ ስትሰማው ስለ ወገቧ የተናገረ መስሏት አንድ ሳምንት ሙሉ አኩርፋው ነበር።

ይህን ሱቅ ከመክፈቷ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ሠርታለች፤ ሳሙናውን ግን እጇ ነክቶት አያውቅም። ሥራዋ ማሸግ ነበር። ጠርሙሱን ካርቶን ውስጥ፣ ካርቶኑን ላስቲክ ውስጥ፣ አሥራ ሁለቱን አንድ ላይ ትልቁ ካርቶን ውስጥ፣ ትልቁንም መልሶ በላስቲክ። ሙሽራ እንኳ እንደዚያ ተሸፋፍና አታውቅም። ማታ ቤቷ ገብታ ያንኑ ሳሙና ስትከፍት፣ ቀን ስታለብሰው የዋለችውን ሁሉ አንድ በአንድ ታወልቅና ቆሻሻ ውስጥ ትጥለዋለች። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ እሷ የጣለችውና ጎረቤቶቿ የጣሉት ተጋግዞ የመንገዱን ቦይ ይደፍናል፤ ጎርፉም ቤቷ ድረስ ይዘልቃል። «እኔው ያሸግኩት እኔኑ ሊያሰምጠኝ!» ትል ነበር፣ ውሃውን በባልዲ እየዛቀች።

ነገሩን የቀየሩት የሰፈሩ አዋላጅ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ከሰፈሩ ሰው ግማሹ ወደዚህ ዓለም የገባው በሳቸው እጅ ነው፤ ዛሬ ትዳር ይዛ ሌላ ከተማ የምትኖረውን የባለበርሜሏን ልጅም የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቶ፣ ሐኪሙ ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ከአጠገቧ ንቅንቅ አላሉም። አንድ ቀን ታዲያ ባዶ ጠርሙስ ይዘው መጡና፣

«አንቺ ልጅ፣ ፋብሪካ ውስጥ አይደል የምትሠሪው? በዚሁ ሞልተሽ አምጪልኝ» አሏት።

«እማማ፣ እንደዚያ አይሸጥም እኮ።»

«ለምን? ጠርሙሱ ምን ሆነ? ታመመ?»

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያልጠየቀችው ነገር እንቅልፍ ነስቷት አደረ። ፋብሪካው የማሸጊያ ማሽን አስገብቶ እሷንና ባልደረቦቿን ሲያሰናብት ሌሎቹ አለቀሱ፤ እሷም አለቀሰች፣ ግን ለቅሶዋን አሳጥራ በስንብት ክፍያዋ ሦስት በርሜል ገዛች። ሳሙናውን ከዚያው ከፋብሪካው ያመጡላታል፤ ባዶውን በርሜል ወስደው ሞልተው ይመልሳሉ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ አዋላጇ ነበሩ፣ ያንኑ ያልታመመ ጠርሙስ ይዘው።

የክሩም ሐሳብ የሳቸው ነው። ሰው ጠርሙስ አምጣ ሲባል ያገኘውን ነው የሚያመጣው፤ የዘይት፣ የሽሮፕ፣ የጭማቂ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የውሃ። በረኪናን ከውሃ ለመለየት ደህና ዓይን ያለውም ይቸገራል፤ የአዋላጇ ዓይን ደግሞ ሞራ ወጥቶበት ሰውን እንኳ በድምፅ ነው የሚለዩት። «ወረቀት ብትለጥፊበት እኔ አላነበው፤ ውሃ ሲነካውም ይላጣል። ለጣት የሚሆን ነገር አድርጊልኝ» አሏት። ከዚያ እትብት ሲያስሩ የኖሩበትን ቋጠሮ አስተማሯት፤ አንዴ ከጠበቀ የማይላላ፣ እርጥብ እጅ የማይፈታው። በጠርሙሱ አንገት ላይ በሚታሰረው ክር አንድ ቋጠሮ የዕቃ፣ ሁለት የልብስ፣ ሦስት የበረኪና ሆነ። ክር የሌለው ጠርሙስ የሚጠጣ ነው። ዛሬ በሰፈሩ ስንትና ስንት ቤት፣ በጨለማም ሆነ በብርሃን፣ ሰው ጠርሙስ ከማንሳቱ በፊት አንገቱን ይዳብሳል።

ባለበርሜሏ ጠዋት ጠዋት ቀይ ክር በስንዝር እየቆረጠች በሦስተኛው በርሜል ቧንቧ ላይ ትሰቅላለች። ሕጓ አንድ ነው፤ እጅ መጀመሪያ ክሩን፣ ቀጥሎ ቧንቧውን። ይህን ሕግ ለመጣ ሁሉ ትናገራለች፤ ላልጠየቃትም ትናገራለች። በረኪና የነካው ክር ቶሎ ይበሰብሳልና ይቀየራል። ባለፉት ወራት ታዲያ አንድ ደስ የሚል ነገር አስተውላ ነበር። በበሰበሰው ቀይ ክር ፋንታ ሌላ አመድማ ክር የታሰረባቸው ጠርሙሶች ይመጡ ጀመር። ሰዉ ትምህርቷ ገብቶት ራሱ ማሰር ጀምሯል ብላ ኮራች፤ ኩራቷንም ለብቻዋ አላስቀረችውም።

ሰዓት ሠሪውን ሰፈሩ «ደቂቃ» ይለዋል። ሰዓቴ መቼ ይደርሳል ሲሉት «አንድ ደቂቃ» ይላል፤ ያቺ አንድ ደቂቃ ሦስት ሳምንት ትፈጃለች። የሱ ሱቅ አንድ ሰው ተቀምጦ ሌላው እግሩን የማይዘረጋበት ጠባብ ስለሆነ፣ ሥራ ሲበርድለት እሷ ጋ መጥቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። አሮጌ አመድማ ሹራቡን ለብሶ፣ የግራ እጅጌውን እስከ ክንዱ ሰብስቦ፣ ነገር ይፈልጋል።

«ዛሬ ደግሞ የማንን አንገት ልታንቂ ነው?» ይላታል፣ ክሩን ስታነሳ።

«ያንተን፣ ዝም ካላልክ።»

«የኔ በስንት ቋጠሮ ነው የሚታሰረው?»

«ላንተ ገመድ ነው የሚያስፈልገው።»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ይስቃል። እሷ ግን ሁልጊዜ አትስቅም ነበር። አንዳንድ ቀን በሥራዋ የሚያላግጥባት ይመስላትና ደሟ ይፈላል፤ ለአዋላጇም፣ «ያ ሰውዬ አንድ ቀን ቁም ነገር ተናግሮ ቢሞት ምናለ» ብላቸው ታውቃለች።

ያን ቀን፣ ነገሩ የሆነ ዕለት፣ ከቀትር በኋላ አንድ የሽያጭ ሠራተኛ መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው ያብለጨልጫል፤ የያዘው ቦርሳ በትንንሽ ከረጢት የታሸገ ሳሙና ሞልቶታል፤ አንዷ ከረጢት ለአንድ እጥበት የምትበቃ፣ አሥሯ በአንድ ላስቲክ፣ ላስቲኩ በካርቶን። ልጁ ጨዋ ነበር፤ ማንንም አልበደለም። ግን ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጠው ባለበርሜሏ አሥራ ዘጠኙ ዓመት ተመልሶ የመጣባት መሰላት።

«እናቴ፣ ሰው ምቾት ይፈልጋል። ቀደድ፣ አፍሰስ፣ ጣል። ከዚህ የቀለለ ምን አለ?»

«የት ነው የሚጣለው?»

«እንዴ፣ ቆሻሻ ውስጥ ነዋ!»

«ከዚያስ?»

ልጁ ከዚያ ወዲያ ያለውን አስቦበት አያውቅም። እሷ ግን አስባበታለች፤ ተቀምጣ አልወጣላት ብሎ ብድግ አለችና ጀመረች። ስለ ቦዩ ነገረችው፤ ስለ ጎርፉ ነገረችው፤ ላስቲክ በላስቲክ እየጠቀለለች ስላለቀው ወጣትነቷ ነገረችው። አግዳሚው ላይ ደቂቃና ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። መድረክ ያገኘ ሰው ደግሞ መቼ ቶሎ ይወርዳል?

አዋላጇ የገቡት በዚህ መሃል ነው። ብርድ መቷቸው ድምፃቸው ሁሉ ተዘግቷል። «አፍንጫዬ ከታፈነ ሦስት ቀኑ፤ ሽታ የሚባል ነገር ረስቻለሁ» አሉ። አሮጌው የበረኪና ጠርሙሳቸው ስለተሰነጠቀ በሱ ፋንታ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ይዘው ነበር የመጡት። «ቶሎ በይልኝ ልጄ፣ የአሥራ አንድ ሰዓቷን ኪኒን ውጬ ጋደም ልበል።»

ባለበርሜሏ ጠርሙሱን ተቀበለች። እጇን ወደ ቀዩ ክር ላከች፤ አንዱን መዘዘች፤ ይህን ሁሉ እንደ ሕጉ አደረገች። ከዚያ ግን ወደ ልጁ ዞረች።

«ይኸውልህ ምቾት! አየህ ይቺን ክር? እኔ ጋ ካርቶን የለም፣ ላስቲክ የለም። በዚች ክር ብቻ እኚህ እናት ዓይናቸውን ጨፍነው በረኪናውን ከውሃው ይለያሉ። ሦስት ጊዜ፣ እንዲህ፣ እንዲህ፣ እንዲህ!» እያለች በገዛ ጣቷ ላይ ቋጥራ አሳየችው። «ቧንቧ ከመከፈቱ በፊት ክር! ሱቄ ከተከፈተ አራት ዓመት፣ አንድም ቀን ተረስቶ አያውቅም!»

ይህን አፏን ሞልታ እየተናገረች ክሩን ከጣቷ አውጥታ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ቧንቧውን ከፈተች፤ ሞላች፤ ክዳኑን አጠበቀች፤ ጠርሙሱን የአዋላጇ ከረጢት ውስጥ አስገባች። ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤ ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደቂቃ ብቻ ከወንበሩ ተነስቶ፣ «እማማ፣ ከረጢቱን ልያዝልዎ፤ እስከ መንገዱ ማዶ ላድርስዎ» አለና ተከትሏቸው ወጣ። ንግግሬ ሰልችቶት ነው የወጣው አለች በሆዷ። እንኳን ወጣ።

ልጁ ካርቶኑን ሰብስቦ ሲሄድ፣ «እናቴ፣ እውነትዎን ነው» ብሏት ነበር። ባለበርሜሏ ያን ከሰዓት በደስታ ወለሏን ጠረገች፤ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ወለወለች።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፏን ስትፈልግ እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ሰደደች። ጣቷን አንድ ነገር ያዘው። አወጣችው። በጣቷ ልክ ቀለበት የሆነች ቀይ ክር ናት፤ ሦስት ቋጠሮ አለባት።

ለትንሽ ጊዜ ምን እንደሆነች አልገባትም። ከዚያ ገባት።

የውሃ ጠርሙስ ነው። ክር የለውም። ክር የሌለው የሚጠጣ ነው። ዓይናቸው አያይ፣ አፍንጫቸው አያሸት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኪኒን አለ።

ስልኳን አንስታ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። አዋላጇ ስልካቸውን እንዳይሰረቅ ብለው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል፤ እንኳን ሌባ እሳቸውም አያገኙትም። እንደገና ደወለች። ከዚያ በሩን እንኳ ሳትቆልፍ፣ ሽርጧን እንዳገለደመች፣ በነጠላ ጫማ እግሬ አውጪኝ አለች።

የአዋላጇ ቤት ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ አራተኛ ደርብ ላይ ነው። መንገዱ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ባለበርሜሏ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ከሮጠች ደግሞ ዘመን አልፏል። የሚያውቋት ሁሉ «ምነው? ምን ሆንሽ?» ይሏታል፤ ትንፋሽ ስላልነበራት አልመለሰችላቸውም። ያንዱ እግሯ ጫማ ወልቆ ቀረ። ስትሮጥ የሚታያት የአዋላጇ እጅ ነበር፤ ሁለቱን ቀን ወገቧን ሲደግፍ የነበረው፣ ልጇን ተቀብሎ አገላብጦ፣ መታ አድርጎ፣ አስለቅሶ ደረቷ ላይ ያስቀመጠላት እጅ። በዚያ እጅ ነው ጠርሙሱ ያለው። እኔ ነኝ የሰጠኋቸው አለች። እየፎከርኩ ነው የሰጠኋቸው። አንድም ቀን ተረስቶ አያውቅም እያልኩ።

አራተኛው ደርብ ላይ ስትደርስ በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው። ከውስጥ የሰው ኮቴ ቀስ እያለ መጣ። በሩ ተከፈተ። አዋላጇ ቆመዋል። ከኋላቸው ጠረጴዛው ላይ የኪኒን እሽግና ባዶ ብርጭቆ ይታያል።

«ኪኒኑን ዋጡ?»

«ማነው? አንቺ ነሽ? ምነው እንዲህ አለከለክሽ?»

«እማማ፣ ኪኒኑን ዋጡ ወይ?»

«አዎ ውጫለሁ፤ ቀደም አድርጌ ዋጥኩት።»

«በምን? በምን ዋጡት?»

«በውሃ ነዋ! በምን እንድውጠው ፈልገሽ ነው?»

ገፋ አድርጋቸው ወደ ወጥ ቤቱ ገባች። የዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ሁለት ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ጎድሏል፣ አንዱ እንደ ሞላ ነው። የጎደለውን ከፍታ አሸተተችው፤ ውሃ ነው። የሞላውን ከፈተችው፤ በረኪናው አፍንጫዋን ወጋት። ከዚያ ነው አንገቱን ያየችው። አንገቱ ላይ ክር ታስሮበታል፤ አመድማ፣ ጥብቅ ያለ። በጣቷ ዳበሰችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

እዚያው ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ጠርሙሱን እንዳቀፈች ዘጭ አለችና እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች።

«ምን ነክቶሽ ነው?» አሉ አዋላጇ፣ በግድግዳው እየተመሩ መጥተው። «መጀመሪያ ያነሳሁት እሱኑ ነበር። አንገቱን ስዳብሰው ሦስት ሆነብኝ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ምነው፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

«እርስዎ አልተሳሳቱም። እኔ ነኝ። እኔ አላሰርኩትም እማማ። ረሳሁት። ስለፈልፍ ረሳሁት።» የኪሷን ክር አውጥታ በመዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው።

አዋላጇ ቀዩን ክር በጣታቸው አገላበጡት። ቀጥሎ ጎንበስ ብለው የጠርሙሱን አንገት ዳበሱ፤ ቆየት አሉበት።

«እውነትሽን ነው፤ ያንቺ አይደለም። ያንቺ ቋጠሮ ጅራቱ ይንዘላዘላል፤ ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ። ይሄ ጅራት የለውም። ጥቃቅን ነገር የለመደ እጅ ነው ያሰረው።» ትንሽ አሰቡና ፈገግ አሉ። «ያ ደቂቃ የምትሉት ሰውዬ ከረጢቴን ይዞ እስከ መንገዱ ማዶ ሸኘኝ። መሃል ላይ ‹አንድ ደቂቃ› ብሎ አቆመኝ። ጫማውን የሚያስር መስሎኝ ነበር።»

ባለበርሜሏ አመድማውን ክር ደግማ ዳበሰችው። ቀና ብላ እንድትቀመጥ አዋላጇ ወንበር ሳቡላት፤ ፊቷን በፎጣ ጠረጉላት፤ ከጎደለው ጠርሙስ ውሃ ቀድተው ሰጧት። ጠጣችው። በዕድሜዋ እንደዚያ የጣፈጣት ውሃ የለም። ተመስገን አለች፤ ደግማ ደጋግማ ተመስገን አለች። የአዋላጇን እጅ ይዛ ሳመችው፣ መዳፉንም ጀርባውንም። «በይ በቃሽ፤ እጄ ሳሙና ሳሙና ይላል» አሏት።

በማግስቱ ጠዋት ደቂቃ እንደ ልማዱ መጣና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አምስት ስድስት ሰው ተራ ይጠብቃል።

«እህስ፣ ዛሬ የማንን አንገት ልታንቂ ነው?»

ባለበርሜሏ ሌሊቱን ስታዘጋጀው ያደረችው ንግግር ነበራት። ንግግሩን ትታ ከባንኮኒው ዞራ መጣችና ፊቱ ቆመች። ዓይኗ ግራ እጁ ላይ አረፈ። ያ እስከ ክንዱ የተሰበሰበ እጅጌ፣ ሥራ እንዲመቸው የሰበሰበው ሲመስላት የኖረው፣ አልተሰበሰበም። እጅጌው የሚያልቀው እዚያው ነው። ጫፉ ተተርትሮ፣ ተተርትሮ፣ ክንዱ መሃል ደርሷል፤ ከጫፉም አንዲት አመድማ ክር ተንጠልጥላለች።

ቀና ብላ ተራ የያዙትን ሰዎች ጠርሙሶች አየች። ያንዷ አንገት ላይ አመድማ ክር አለ። የሌላውም ላይ አለ። ሰዉ ራሱ ማሰር ጀመረ ብላ የኮራችባቸው ክሮች በሙሉ፣ ከአንድ እጅጌ ነበር የወጡት።

«ስንት ጊዜ ነው የረሳሁት?» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምኑን?»

«አታሹፍብኝ። ስንት ጊዜ?»

ደቂቃ እጁን ወደ ኋላው ሊደብቅ ሞከረ። «አንቺማ ትናንት ብቻ ነው። ሌላው በረኪና የበላው ክር ነው። አንቺ ስትቀጂ እኔ ሥራ ፈትቼ እዚህ እቀመጣለሁ፤ የላላ ሳይ አጠብቃለሁ፤ የበሰበሰ ሳይ እቀይራለሁ። ጣቴ ዝም ብሎ መቀመጥ አይወድም።» እውነቱን ይሁን ሊያጽናናት፣ እስከ ዛሬ አታውቅም።

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርከኝም? እዚያው ‹ረሳሽ› አትለኝም ነበር?»

«ያን ሁሉ ሰው ፊት?» አለ። «አፍሽን ከፍተሽ ‹አንድም ቀን ተረስቶ አያውቅም› እያልሽ? ልጁ እኮ ሳቅ ሊገድለው ይችል ነበር።»

ይህ ሰው በሰፈሩ ውስጥ ያልቀለደበት ነገር የለም፤ በገዛ ራሰ በራነቱ እንኳ ይቀልዳል። ትናንት ግን በዕድሜው አግኝቶት የማያውቅ ቀልድ እጁ ላይ ወድቆለት ነበር፤ እሱ ግን ዋጠውና ከሹራቡ ላይ ክር መዘዘ። ባለበርሜሏ ስንት ጊዜ እንደተቆጣችው፣ ስለሱ ለአዋላጇ ያለችውን ሁሉ አስታወሰች፤ አፈረች። ካፈረችው የበለጠ ግን አመሰገነች፤ የሰው ነፍስ ስላተረፈላት አመሰገነች፤ ፊቷን ስላተረፈላትም አመሰገነች።

«እግዜር ይስጥህ» አለችው። «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ።» ወንድሜ ብላው አታውቅም ነበር። ደቂቃም የተተረተረውን እጅጌውን ቁልቁል ጎተተ።

ከዚያ ወደ ተሰለፉት ሰዎች ዞረች። እሱ የሸፈነላትን ነገር ራሷ ገለጠችው፤ ከሻጩ ልጅ ጀምራ፣ ፉከራዋን ሳትቀንስ፣ ክሩን ኪሷ ውስጥ እስከ መክተቷ፣ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ከአግዳሚው አንዷ ሴት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ውይ እማማን!» አለች። ማንም ግን ጠርሙሱን ይዞ አልወጣም።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለች ባለበርሜሏ፣ «ክሩ የኔ ብቻ አይደለም።» የክሮቹን እስር ከቧንቧው ላይ አንስታ አግዳሚው አጠገብ፣ ሁሉም እጁ በሚደርስበት ቦታ ምስማር ላይ ሰቀለችው። «እኔ እቀዳለሁ። የሚያስረው ግን ቀጥሎ ተራ ያለው ሰው ነው። ሳይታሰር ቧንቧ ብከፍት ጩኹብኝ። ሰው ፊት ጩኹብኝ።»

«እኔ ጩኸት ላይ ጎበዝ ነኝ» አለ ደቂቃ። አሁን ሁሉም ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

ሹራቡን ያን ቀን አስወልቃ ወሰደችው። ሊሰጣት አልፈለገም፤ በግድ ነው የቀማችው። አመድማ ክር ፈልጋ ቢጠፋባት ቀይ ገዛች፤ ማታ ማታ በኪሮሽ ጎደሎውን እጅጌ ቀጠለችለት። አዋላጇ ለጠለፋው ዓይን ባይኖራቸውም በጣታቸው እየዳበሱ፣ «እዚህ ጋ ዘለልሽ፣ ፍቺው» እያሉ ሁለቴ አስፈቷት። በሳምንቱ አምጥታ አለበሰችው።

ደቂቃ እጁን ዘርግቶ አየ። ቀኙ እጅጌ አንጓው ላይ ያልቃል። ግራው ቀይ ሆኖ ጣቶቹን ሁሉ ውጦ ስንዝር ያህል ተርፎ ተንጠልጥሏል።

«ባለበርሜሏ፣ ይሄ ረዘመ እኮ» አለ።

«አውቃለሁ» አለችው፣ ከባለተራው ጠርሙስ እየተቀበለች። «ልረሳ እችላለሁ።»